ድሬዳዋም ባንድ ነበራት

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድሮው ዘመናዊ ሙዚቃችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ የሚል ነው። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወሬው የአዲስ አበባ ብቻ ነው። የድሬዳዋ ስም አንዴ እንኳ አልተነሳም። ይሄ ከነከነኝ።

በ1964 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሮክ ባንድ አቋቋምን። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ቀን ምድር ባቡር እሠራለሁ፣ ማታ ልምምድ ነው። ጊታሮቹ ከጅቡቲ በባቡር የመጡ ናቸው። አምፕሊፋየሩን ግን ሬዲዮ ጠጋኝ የሆነ ጓደኛችን ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ ገጣጥሞ ሠራልን። በድሬ ሙቀት ላይ የውስጡ አምፖሎች ሲግሉ ድምፁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በማራገቢያ ያናፍሰው ነበር። የቤዝ ክር ሲበጠስ ደግሞ መለወጫ የለም። ቋጥሬ መልሼ እወጥረዋለሁ።

ቢትልስንና ሳንታናን እንጫወት ነበር። መጋላ ሰፈር ሰርግ ከተጠራን ግን በዚያ ብቻ አንወጣውም። ሰርገኛው ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ አደርኛም፣ አማርኛም ይፈልጋል፤ ያውም በአንድ ሌሊት። እኛም ሁሉንም በኤሌክትሪክ ጊታር እንጫወታለን። አንድ ሰርግ ላይ ድራመራችን የኦሮምኛውን ምት ሲይዝ፣ እስከዚያ በጩኸታችን ሲያማርሩ የነበሩ ሽማግሌዎች ጫታቸውን ትተው ተነሱ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጣቸው! እስኪነጋ ተጨፈረ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከድሬ ሌላ የት ይገኝ ነበር?

መንገዱን የጠረገልን አፍራን ቀሎ የሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ነው። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ ኦሮምኛን በዘመናዊ መሣሪያ ሲጫወቱ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት እስኪያግዳቸው ድረስ። ዓሊ ቢራም የወጣው ከነሱ ነው።

የኛ ባንድ ዕድሜው አጭር ሆነ። አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ ካልተጫወትክ ምን ባንድ አለ? መሣሪያችንን ለቀበሌ የኪነት ቡድን ወሰዱት። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲያጠቃ ደግሞ የቀረነውም ተበተንን።

ሸክላ አላስቀረጽንም። አምሃ እሸቴ በ1961 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሥራው የነበረው አዲስ አበባ ነው። የዚያ ሰፈር ባንዶች ተቀረጹ፣ ዛሬ ፈረንጅ ሳይቀር ያውቃቸዋል። ይገባቸዋል። የክፍለ ሀገሩ ግን ስላልተቀረጸ ብቻ እንዳልነበረ መቆጠር የለበትም።

ዓሊ ቢራን በ2015 እዚሁ ድሬ ቀበርነው። የኛ ዘመን ሰዎች እያለቅን ነው። የባንዳችን ድምፃዊ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል፤ ግጥሞቹን አንድም ሳያዛንፍ ይዘፍናቸዋል። ሐረርም፣ ጅማም፣ ደሴም እንዲህ ያሉ ሰዎች አይጠፉም። እባካችሁ መቅረጫ የያዘ ጋዜጠኛ ላኩ። ፎቶዎቹ እኔ ዘንድ አሉ፤ ከቡናችን ጋር እጠብቃችኋለሁ።

የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ