የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከተማውን ማዳመጥ

በመስከረም ለመመዝገብ የመጣው ተማሪ ብዙ፣ ያለን መሣሪያ ግን አንድ ኪቦርድና አንድ ክራር ነበር። ስለዚህ ተራ እስኪደርሳቸው ለአባላቱ ሌላ ሥራ ሰጠኋቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ በከተማችን በድሬዳዋ የሰሙትን ሙዚቃ በደብተር እንዲጽፉ። የት ነው? ማን ነው የሚጫወተው? ሰዎቹስ ምን እየሠሩ ነበር? በስልክ መቅዳትን ከለከልኩ፤ ዜማውን በቃል ይዞ መምጣት ግዴታ ሆነ። «ቲቸር፣ የሱቅ ስፒከርም ይጻፋል?» አሉኝ። ይጻፍ አልኩ፤ መምረጥ ኋላ ይመጣል።

ደብተሮቹ ቶሎ ሞሉ። በከፊራ ገበያ ጆንያ የሚጭኑት ሰዎች አንዱ ዜማ ሲያወጣ ሌሎቹ ተቀብለው እኩል ሲያነሡ፣ በሰርግ ሌሊት የሴቶች ዘፈንና ጭብጨባ ግንብ ተሻግሮ ሲሰማ፣ በታኅሣሥ 19 ሰሞን የቁልቢ ተጓዦች በየአውቶቡሱ ሲዘምሩ፣ ሁሉም ተጽፏል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማስታወሻ ነው። ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስትመጣ ሾፌሩ የሶማሊኛ ዘፈን ከፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ የሚመታው ምንድን ነው?» ብትለው «አቦ፣ ኡድ ነዋ! እኛ ካባን ነው የምንለው» አላት፤ ኡድ እንደ ክራር በክር የሚመታ መሣሪያ ነው። ዜማውን እያንጎራጎረች ክበብ ድረስ ይዛው መጣች። ኪቦርዱ ላይ ብንፈልገው ከአምስት ድምፅ አላለፈም። በዚያ ሰሞን ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት የምንለማመደው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እየነካን ነበር፤ የእሷም ዜማ ከጥቁሮቹ ሳይወጣ አለቀ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። የሶማሌ ሙዚቃ እንደ ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ኖሮ ገልብጠው ይሄዱ ነበር፤ አሁን ግን ያገኙት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ዓሊ ቢራ ማስተማር ቀለለኝ። እዚሁ ድሬ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የከተማችን ቡድን ጋር የጀመረ፣ ኡድም ጊታርም የተጫወተ፣ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማሊኛም ያዜመ ሰው ነው። ልጆቹ ይህን ሁሉ ቋንቋ ከየት አገኘው ብለው አልጠየቁኝም። በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ ነዋ።

በመጋቢት መጨረሻ ለሸዋል ኢድ ሐረር ሄድን። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጀጎል ውስጥ ዚክሪውን፣ ማለት መንፈሳዊ ዜማውን፣ ከሩቅ ስንሰማ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው አንድ ምት ይመስሉ ነበር፤ ስንቀርብ ግን ማጨብጨቢያው በከበሮው መሐል የራሱን መንገድ ሲሄድ ለየነው። ተማሪዎቹ መልሰው ለመምታት ሞክረው ወር ሙሉ ለፉበት።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅታችን ጥሩ ነበር፤ ፎቶው ከዚህ ገጽ ጎን አለ። ደብተሮቹን ለቤተ መጻሕፍት ስላስረከብን ማንም ተማሪ ተውሶ ማንበብ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ኡድ ማስተማር እንፈልጋለን። በቤቱ ሳይነካ የተሰቀለ ኡድ ያለው ወላጅ ቢያውሰን፣ ወይም መጥቶ ቢያሳየን፣ ክበቡ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነው።