ለማርታ፣ ስለ ኦሳካው የእንጨት ቀለበት

ውድ ማርታ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ልጆቹስ አደጉ? ብዙ ዘመን ተጠፋፋን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መቁጠሩን ትቼ እኔው ልጀምር አልኩ። ላንቺ ካልነገርኩት የማይወጣልኝ ወሬ አለኝ። አንቺ ሕንፃ ስትነድፊ ኖረሻል። ገና መሠረቱ ሳይቆፈር «ይሄ ነገር ሲያበቃለት ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ጃፓን፣ ኦሳካ ላይ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ አየሁት። ከኤፕሪል 13 እስከ ኦክቶበር 13፣ ለ184 ቀናት ነው የቆየው። መሪ ቃሉ «ለሕይወታችን የወደፊቱን ማኅበረሰብ መንደፍ» የሚል ነበር። ከ150 በላይ አገሮች ተሳትፈውበታል። ቦታው ዩሜሺማ ይባላል። ባሕሩን በቆሻሻና በአፈር ሞልተው የሠሩት ደሴት ነው።

ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ስለ ቀለበቱ ልንገርሽ፤ የኤክስፖውን ግቢ የከበበ፣ ላዩ ላይ የሚኬድበት ትልቅ ክብ የእንጨት ግንባታ ነው። አርክቴክቱ ሶው ፉጂሞቶ ነው። ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በውጭ በኩል 20 ሜትር፣ በውስጥ በኩል 12 ሜትር ከፍታ ነበረው። ከ61,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍን ስለነበር ጊነስ የዓለም ትልቁ የእንጨት ግንባታ ብሎ መዝግቦታል። አብዛኞቹ የውጭ አገር ፓቪሊዮኖች (የትርኢት አዳራሾች) የተሠሩት በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ግን ብዙ አይነግርሽም። ሥሩ ገብቶ ቀና ማለት ነው። ምሰሶው ይበሳና አግዳሚው እንጨት በመካከሉ ያልፋል። ኑኪ ይሉታል። የጃፓን ቤተ መቅደስ አናጺዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበት ጥበብ ነው። እዚህ ግን መጋጠሚያውን በብረት አጠናክረውታል፤ አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነዋ። እንጨቱ ሱጊና ሂኖኪ የሚባሉት የአገሩ ጥዶች ይበዙበታል፤ ከውጭ የመጣም አለበት። ሽታውን ብትሰሚው! ያን ሁሉ ሕዝብ አልፎ ይሸት ነበር።

ላይ ስትወጪ ሣርና አበባ የተተከለበት መንገድ ነበር። በአንድ ወገን ባሕሩን፣ በሌላው ወገን የአገሮቹን ሕንፃ እያየሽ ትሄጂ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ይወጣ ነበር። ቀን ሲያቃጥል ደግሞ ሥሩ ጥላ ነበር፤ ዝናብም ያስጠልል ነበር። አረጋውያን፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ምሰሶዎቹ ሥር ቁጭ ብለው ሲበሉ አይቻለሁ። አንዴ በር ካለፍሽ እዚያ ለመቀመጥ ቀጠሮ አያስፈልግም ነበር።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሌላው ብዙው በቀጠሮ ነበር። «ሰልፍ የሌለበት ኤክስፖ» እናደርገዋለን ተብሎ ነበር። ትኬቱ በኪውአር ኮድ፣ ቦታ መያዙ በስልክ፣ ክፍያው ያለ ጥሬ ገንዘብ። ሰልፉ ግን አልቀረም። ስማርት ስልክ የማይሆንላቸው አዛውንቶች መቸገራቸውም በየጋዜጣው ተጽፏል። የተሳሰረ ማኅበረሰብ የሚባል ነገር ከተነደፈ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ከውጭ የቀረው ሰው ይመስለኛል። በዚህ ላይ እኔ አልደራደርም።

መቼም ስለ በራሪ መኪኖቹ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ለማሳያ በረሩ እንጂ መንገደኛ አልጫኑም። ሰው የሚያጥበው ማሽንም ነበር። እሱ እንኳ በ1970ው የኦሳካ ኤክስፖ የታየ ነው፤ አሁን ተሻሽሎ ተመልሷል። ልቤን የነካችው ከአይፒኤስ ሴል (ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል ሴል እንዲቀየር ከተደረገ ተራ የሰውነት ሴል) የተሠራች፣ በፈሳሽ ውስጥ የምትመታ ትንሽዬ ልብ ናት። ብዙ ሰው ከፊቷ ቆሞ ድምፁን ቀነስ ያደርግ ነበር። እኔም እንደዚያው።

የ1970ውን ካነሳሁ አይቀር፣ ያኔ 64 ሚሊዮን ሰው ገብቶ ነበር። ዋናው መስህብ አሜሪካኖች ከጨረቃ ያመጡት ድንጋይ ነው። ገመድ አልባ ስልክም ታይቶ ነበር፤ ዛሬ የሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። ታሮ ኦካሞቶ የሠራው 70 ሜትር የፀሐይ ግንብ ደግሞ አሁንም ቆሟል።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ፊልም ሠሪዋ ናኦሚ ካዋሴ ፓቪሊዮኗን የሠራችው ተማሪ አጥተው ከተዘጉ ትምህርት ቤቶች ባመጣችው ሕንፃ ነው። ውስጡ አንድ ተመልካች ይመረጥና በስክሪን ከማያውቀው ሰው ጋር ይነጋገር ነበር። አስቀድሞ የተጻፈ ንግግር የለ፣ ልምምድ የለ። ሁለት ሰው ብቻ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ። ስለ መሳሰር ካየሁት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። የሴቶች ፓቪሊዮን ደግሞ የፊት ገጽታው አዲስ አይደለም። በዱባዩ ኤክስፖ የጃፓን ፓቪሊዮን የለበሰው ነው። ፈትተው፣ ባሕር አሻግረው፣ እንደገና ገጠሙት። ያን ስሰማ ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አንድ ሌሊት የሆነውንም ልንገርሽ። እኔ አልነበርኩም። ኦገስት 13 ማታ ወደ ደሴቱ የሚሄደው የምድር ባቡር መስመር በኤሌክትሪክ ብልሽት ቆመ። ወደ ደሴቱ የሚገባ የባቡር መስመር እሱ ብቻ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚያ ሙቀት መውጫ አጣ፤ ብዙ ሰውም እዚያው አደረ። አንዳንድ ፓቪሊዮኖች በራቸውን ከፍተው አስጠለሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው ግልጽ ነው። ያ ሁሉ የወደፊት ራእይ በአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መንገድ ሁለት ሦስት መሆን አለበት። አንቺ ደግሞ ይህን ከእኔ አትማሪም።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ ክርክር ነበር፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። መጀመሪያ 125 ቢሊዮን የን የተባለው የግንባታ ወጪ ወደ 235 ቢሊዮን የን አሻቅቧል። በማርች 2024 ከመሬቱ የወጣ ሚቴን ጋዝ በግንባታው ቦታ ፈንድቷል። ቀለበቱንም ተቺዎች የዓለም ውዱ ጃንጥላ ብለውታል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለስድስት ወር ትርኢት ሲወጣ ሕዝብ መጠየቁ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በሩ ሲዘጋ ቀለበቱ ምን ይሁን ተባለ። 200 ሜትር ያህሉ በቦታው እንዲቀር ተወሰነ። ሌላው እንዲፈታ። ከሚፈታው እንጨት ከፊሉ ወደ ሱዙ ከተማ እንዲሄድ ታሰበ። ሱዙ የምትገኘው በኖቶ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በ7.6 መጠን የተንቀጠቀጠው አካባቢ ማለት ነው። እንጨቱ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች የሕዝብ መኖሪያ መሥሪያ እንዲሆን ነው ሐሳቡ።

ማርታ፣ እኔ በዚያ ቀለበት ላይ ሄጃለሁ። ያ የተደገፍኩት ምሰሶ የአንዲት አሮጊት ሳሎን ውስጥ ሊቆም ይችላል። ይህን ሳስብ ደስ የሚለኝን ያህል በራሪ መኪናው አላስደሰተኝም። ቅር የሚለኝ ነገርም አለ። እንዲህ ያለ ባለቤት ያገኘው ከእንጨቱ ከፊሉ ብቻ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያው ምሰሶ ከመቆሙ በፊት የሚቀጥለው ባለቤት ማን እንደሆነ በውሉ ላይ አጽፍ ነበር። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ዘላቂነት እያልን የምናወራው ይህን ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ አይገባኝም።

በ2027 ደግሞ ዮኮሃማ ላይ የአትክልትና የአረንጓዴ ልማት ኤክስፖ አለ። እኔ ልሄድ አስቤያለሁ። አንቺም ብትመጪ ከዚያ አብረን ወደ ኖቶ እንሻገር ነበር።

እስከዚያው አንድ ነገር መልሺልኝ። ያ እንጨት ለወራት ባሕር ዳር ቆሟል። ዝናብ፣ ጨውና ፀሐይ ተፈራርቀውበታል። ምሰሶዎቹም ለኑኪ የተበሱ ናቸው። ቤት ከመሠራበት በፊት ጥንካሬውን እንዴት ነው የምትፈትሹት? ቀዳዳውስ ይደፈናል ወይስ ንድፉ በእሱ ዙሪያ ይሠራል? በዝርዝር ጻፊልኝ፤ ሥዕል ካለው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

እህትሽ፣
ሰናይት