ይድረስ ለወዳጄ፤ ስለ ገና ጌጥና ስለ ቤት ስጦታ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ወዳጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ አንቺ በጀርመን ኑሮሽን ይዘሻል፣ እኔም ከከተማው መሐል ወጥቼ ለገጣፎ ዳርቻ ገብቻለሁና የምናወራው ብዙ ተከማችቶብናል። ዛሬ ግን ሁሉንም አላነሣም። የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ እጄም ልቤም በአንድ ጉዳይ ተይዟል፤ ይህም ጉዳይ ካንቺ የመጣ ስለሆነ ስለ እርሱ ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

ጀርመን እንደገባሽ በደብዳቤ ውስጥ የላክሽልኝን የገለባ ኮከብ ታስታውሻለሽ? በዚያ ሀገር ሰዎች በገና ሰሞን ከስንዴ ገለባ እየሠሩ ጥዳቸው ላይ እንደሚሰቅሉት ጽፈሽልኝ ነበር። ኮከቡን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኑሬው ኖርኩ። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የስንዴውን ማሳ ሳይ፣ ይህ ነገር በእኛም እጅ ይሠራል ብዬ ክሩን ፈትቼ አሠራሩን መረመርሁት። አሁን በየዓመቱ ከልጆቼ ጋር እንሠራዋለን።

ገለባው የሚገኘው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አጨዳው በሚካሄድበት ሰሞን ነው። አውድማ ላይ በበሬ ከተረገጠ በኋላ ጭድ ብቻ ስለሚሆን፣ ገበሬውን አስቀድሞ አነጋግሮ ነዶው ሳይወቃ ጥቂት እፍኝ መለመን ያስፈልጋል። እስካሁን የከለከለን ገበሬ የለም፤ እንዲያውም ረጃጅሙንና ቀጥ ያለውን መርጠው ይሰጡናል። ከዚያ አንጓውን በመቀስ እየቆረጥን በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ለስላሳውን ክፍል ብቻ እንወስዳለን፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረን ሲለዝብ በምላጭ ጎኑን እንሰነጥቀውና ከፍተን በመካከለኛ ሙቀት ካውያ እንተኩሰዋለን። ይህን ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። ክብ የነበረው አገዳ እንደ ሐር ጥብጣብ ተዘርግቶ ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ካውያው ጥቂት ሲቆይበት ወርቃማው ወደ ቡናማ ስለሚዞር ያለ አንዳች ቀለም ከአንድ ነዶ የተለያየ መልክ ይገኛል። ሁለቱን ጥብጣብ በመስቀል፣ ሌሎቹን ሁለት በማዕዘኖቹ መካከል ደርበን፣ ክሩን በላይኛው ላይ፣ ከዚያ በታችኛው ሥር እያፈራረቅን አዙረን ከኋላ ስንቋጥረው ኮከቡ ራሱን በራሱ ይይዛል። ሙጫ አያስፈልገውም። ጫፎቹን ሹል ማድረግ ወይም እንደ ሹካ መሰንጠቅ የልጆቹ ምርጫ ነው፤ ትንሿ ልጄ በዚህ ነገር ከእኔ ትበልጣለች።

ስለ ገለባ ይህን ያህል የማወራሽ ለሥራው ውበት ብቻ አይደለም። እንደምታውቂው በከተማችን ብዙ ቤት የገና ዛፍ ሲቆም ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ይበተንበታል፤ በረዶ እንዲመስል ነው። እኔ ማንንም አልነቅፍም፤ እኛም ልጆች ሳለን በዚያ ጥጥ ተደስተናል። ነገር ግን በረዶው አንቺ ያለሽበት ሀገር የገና መልክ ነው። የእኛ ገና የመኸር ገና ነው፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ማሳው የታጨደ፣ አውድማው ሙሉ ነው። ጌታም የተወለደው በከብቶች ግርግም ነው፤ እናቶቻችን ከብቶቹ በትንፋሻቸው እንዳሟሟቁት ይነግሩን ነበር። ታዲያ ለልደቱ ቤት ሲጌጥ ከገለባ የበለጠ የሚስማማ ምን አለ? ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ከተረፈው ጭድ ትንሽ ግርግም ሠርተው ከዛፉ ሥር አኖሩ፤ ላምና አህያውን ደግሞ ከወንዝ ዳር ባመጡት ጭቃ አበጁ።

ዛፍ ስልሽም ጥድ ቆርጠን አይምሰልሽ። የሀገራችን ጥድ አዳጊነቱ ዝግ ያለ ነው፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለውን የመናገሻን ደን ያየ ሰው ለጥቂት ቀን ጌጥ ብሎ አንዱን ጥድ ከሥሩ መቁረጥ ያሳዝነዋል። በእኛ ሰፈር የብዙ ግቢ አጥር የፈረንጅ ጥድ ስለሆነ፣ አጥሩ ሲከረከም የወደቀውን ቅርንጫፍ ለምነን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ እንተክለዋለን። መልኩ ዛፍ አይሆንም፤ ሽታው ግን ሙሉ ነው። በዚያ ላይ ከመንደሩ ጫፍ የምንለቅመውን የነጭ ባህር ዛፍ ፍሬ በክር አንጠልጥለን እንሰቅላለን። አናቱ ሲደርቅ በኮከብ ቅርጽ ይከፈታል፤ ይህን ስንት ዓመት ረግጠነው አልፈናል!

አሁን ደግሞ ስለ ጧፉ ልንገርሽ። ለበዓሉ ጠጅ የሚጥሉ አንዲት ጎረቤት አሉን፤ ከጠጁ ላይ የሚወጣውን ሰፈፍ ይሰጡናል። ሰፈፉን ውኃ በሞላ ድስት አፍልተን ሙቅ እያለ በስስ ጨርቅ አጥልለን ስናሳድረው፣ ጠዋት ቢጫው ሰም ከውኃው በላይ ረግቶ እንደ አምባሻ ክብ ሆኖ ይገኛል፤ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። ከዚያ ሰሙን በጣሳ አድርገን ጣሳውን ፈላ ውኃ ውስጥ እናቆመዋለን፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ስለሚያያዝ ይህን ሥራ ለልጆች አልተውም። የተገመደውን ፈትል ቀልጦ በቆየው ሰም ውስጥ አሳልፎ ማውጣት፣ ወጥሮ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መንከር፣ በመጨረሻም ንጹሕ ጣውላ ላይ በመዳፍ ማሽከርከር ነው። ቤቱ ማር ማር ሲል ይሰነብታል። ጧፉን ግን በፍጹም ቅርንጫፉ ላይ አናበራም፤ የደረቀ ጥድ ሙጫ ስላለው እሳት ከነካው ጊዜ አይሰጥም። አሸዋ ባለበት የሸክላ ሳህን ለብቻው ይቆማል። እናቴ ከእኔ የምትቀበለው የገና ስጦታም ይኸው ጧፍ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ትሄዳለች፣ ከሱቅ የተገዛ ሻርፕ ከሰጠኋት ጊዜ ይልቅም በዚህ ትመርቀኛለች።

ስጦታ ላይ ይህን ተምሬአለሁ ወዳጄ፤ መጀመሪያ የሚታሰበው ተቀባዩ ነው፣ ሥራው ቀጥሎ ይመጣል። እኔ ዳንቴል ስለምችል ብቻ ለሁሉም ሰው ዳንቴል ባድል ደክሜ እንጂ አስቤ ሰጠሁ ማለት አልችልም። ስለዚህ ለአማቴ የቡና ረከቦት ልብስ፣ ለአክስቴ በቤት የተዘጋጀ ሚጥሚጣ በጠርሙስ፣ ለባለቤቴ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ደግሞ የደረቀ ኮባ በካርቶን ላይ ተለጥፎ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ እናዘጋጃለን። የምናስርበት ሪባን ከልብስ ሰፊ ዘንድ የሚተርፈው የጥለት ቁራጭ ነው። ወንዶቹ ልጆች ከአባታቸው ጋር ጠማማ የወይራ ቅርንጫፍ ፈልገው የገና ዱላ እየጠረቡ ነው፤ ሩሩንም ከእንጨት ጉጥ አበጅተውታል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ገና ከአሁኑ ግቢውን አውከውታል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለአንቺ የማዘጋጀው ሙዳይ ነው። ስፌቱን የሚያስተምሩኝ ያችው ጠጅ የሚጥሉልን እናት ናቸው፤ ስንደዶና አክርማ የሚባሉትን የስፌት ሣሮች በጥቅምት ሰብስበው አድርቀው አስቀምጠውልኛል። አለላው፣ ማለትም ቀለም የገባው አክርማ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ካልለዘበ በወስፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚሰነጠቅ በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልን ነው የምንሠራው። የእርሳቸው እጅ ሲሰፋ ረድፉ ከረድፉ ጋር ክር የማያስገባ ሆኖ ይገጥማል፤ የእኔ ገና ያን ያህል አልጠበቀም፣ ነገር ግን ክዳኑ በትክክል ይዘጋል። ውስጡን በገለባ ኮከቦችና ከባህር ዛፍ ፍሬው በጥቂቱ ሞልቼ፣ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ እልክልሻለሁ። ጧፉ በመንገድ እንዳይሰበር በባዘቶ ጠቅልዬዋለሁ፤ ባዘቶውን ልጆችሽ በረዶ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የእናንተ ገና ከእኛው በ13 ቀን ስለሚቀድም፣ እቃው ከዚያኛው ቢዘገይ እንኳ ለታኅሣሥ 29 ይደርስልሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንዲያውም ሁለቱንም ብታከብሪ ልጆችሽ የእናታቸውን በዓል ያውቁታል። ከጎረቤቶችሽ መካከል ኮከቡን በ16 ጫፍ መሥራት የሚችል ካለ አሠራሩን በሥዕል ላኪልኝ፤ ጥብጣቦቹ ሲበዙ መሐሉ እየወፈረ ክሩ ይንሸራተትብኛል፣ እነርሱ መላ ሳይኖራቸው አይቀርም። የሙዳዩን ክዳን ገና አልጨረስኩትምና ቀዩን አለላ ላብዛው ወይስ አረንጓዴውን? የሳሎንሽን መልክ ስለማላውቅ አንቺው ወስኚ፤ መልስሽ እስኪደርሰኝ የታችኛውን ክፍል እሰፋለሁ።

ባለቤቴና ልጆቼ ሰላምታቸውን ያቀርባሉ፤ እናቴም ስምሽን በጸሎት ታነሣለች። ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ሁልጊዜም የምታስብሽ ወዳጅሽ፣
ከለገጣፎ፣ ኅዳር መጨረሻ