የቼስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በዝግ አከፋፈት የተገኘ ድል

የቼስ ክበባችን በዚህ ዓመት አንድ አከፋፈት (የጨዋታ አጀማመር) ብቻ መርጦ በጥልቀት ለማጥናት ወስኖ ነበር። የተመረጠውም ዲ4 ዲ5፣ ሲ4 ኢ6 ተብሎ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) የሚጀመረው፣ ጥቁሩ የቀረበለትን ወታደር ሳይበላ መሐሉን የሚያጠናክርበት የንግሥት ጋምቢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ካፓብላንካና አሌኺን በቦነስ አይረስ ለዓለም ሻምፒዮንነት ካደረጓቸው 34 ጨዋታዎች 32ቱ በዚሁ አከፋፈት የተጀመሩ ናቸው። አንዳንድ አባላት ቶሎ ግጭት የማይፈጠርበት በመሆኑ ቅር ቢሰኙም፣ የጥናቱ ፍሬ በትምህርት ቤቶች ውድድር የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን በነጭ ባደረገችው ጨዋታ ታይቷል።

ተማሪያችን ገና በአራተኛው እርምጃ ዲ5 ላይ ወታደር ስለተለዋወጠች፣ በንግሥት በኩል፣ ከኤ እስከ ሲ ባሉት ዓምዶች፣ ሁለት ወታደሮቿ ከሦስት የጥቁር ወታደሮች ጋር ተፋጠጡ። በዚህ አሰላለፍ ነጩ በቁጥር አንሶም ቢሆን ወታደሮቹን የሚገፋው፣ ሲ6 ላይ በሌላ ወታደር የማይጠበቅ ደካማ የጥቁር ወታደር እንዲቀር ለማድረግ ነው። እሷም ግንቧን ቢ1 ላይ አቁማ፣ ጥቁሩ በኤ5 ሊያግዳት ሲሞክር በኤ3 ደግፋ ቢ4 ገፋች፤ የኤ ወታደሮችም ተበላሉ። ከዚህ በኋላ እጇ ወደ ቢ ወታደር ተዘረጋ፤ የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነውና ሳትነካው እጇን መለሰችና ለረጅም ጊዜ አሰበች። ከዚያም ጂ5 ላይ በነበረው ጳጳሷ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ በላች። ያ ፈረስ ኢ4 ላይ ቢወጣ ኖሮ በንጉሧ ላይ ጥቃት ይጀመር ነበር፤ ወታደሮች መንገዱን በዘጉበት ዝግ አቋም ደግሞ ጳጳስን በፈረስ መለወጥ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ እርምጃ ይህ ነው፤ ማንም በቃሉ ያጠናው ሳይሆን ከአቋሙ ተነስታ ያገኘችው ነውና።

ቢ5 የተገፋው ከዚህ በኋላ ነው። ሲ6 ላይ ብቻውን የቀረውን ወታደር በንግሥትና በግንብ ተጭና በላችው፤ ከንጉሦችና ከወታደሮች ሌላ ግንቦች ብቻ በቀሩበት የጨዋታው ፍጻሜም አሸነፈች።

ጨዋታውን በክበቡ ስንገመግም አንድ የዘጠነኛ ክፍል አባል፣ ቢ4 እንደተገፋ ጥቁሩ ራሱ ቢ5 ተጫውቶ ኤፍ8 ላይ የነበረውን ፈረስ በዲ7ና በቢ6 አድርጎ ሲ4 ላይ ቢያደርሰው ኖሮ የሲ6 ድካም ይሸፈን እንደነበር አሳየ። ሐሳቡ ትክክል ስለሆነ፣ በመጪው ዓመት ይህንኑ አከፋፈት በጥቁር በኩል እናጠናዋለን።