ባንኮች ሲዋሃዱ የተጀመረው የቤት ሽያጭ ምን ይሆናል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ባንኮች ውህደት የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። ስለ ካፒታል ይጻፋል፣ ስለ ባለአክሲዮን ይጻፋል፣ ስለ ውጭ ባንኮች መግባት ይጻፋል። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ መክፈል ስላቃተው ሰው ግን አንድ መስመር አላየሁም። እኔ ጎንደር ውስጥ ቤት እያሻሻጥኩ የምኖር ደላላ ነኝ። ደላላ ይዋሻል የምትሉ ካላችሁ አልቀየምም፤ የምለውን ባንክ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ።

ከማራኪ እስከ አዘዞ በብድር የተሠራ ቤት ሞልቷል። ለጥምቀትና ለሰሜን ተራሮች የሚመጣውን እንግዳ አስቦ ፎቅ የጨመረ፣ ማረፊያ የከፈተ ብዙ ነው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። በ2013 ጦርነቱ ተከተለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልላችን ግጭት አለ። አልጋው ባዶ ሲያድር ወለዱ አይተኛም።

እንዲህ የተጨነቀ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው "ሐራጅ ሳይወጣብኝ ሽጥልኝ" ብሎ ነው። ዋጋው ዕዳውን ከሸፈነ ነገሩ ቀላል ነው። ገዢው ገንዘቡን ባንክ ያስገባል፣ ባንኩ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ (ቤቱ ከመያዣነት ተለቋል የሚል) ይጽፋል፣ ካርታው ይለቀቃል፣ የተረፈውን ሻጩ ይወስዳል። ጭንቁ ዋጋው ከዕዳው ሲያንስ ነው። እንበል ዕዳው 6 ሚሊዮን ብር ነው፣ የተገኘው ገዢ 5 ሚሊዮን ይሰጣል። ባንኩ ይህን ተቀብሎ እግዱን ያንሳ? የጎደለውን ይተወው ወይስ በሌላ ውል ያስከፍል? ይህን የጎንደር ቅርንጫፍ አይወስንም። ፋይሉ አዲስ አበባ ይሄዳል። ገዢው እስከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ብላችሁ አታስቡ።

ካልተፈቀደ የሚከተለው የታወቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛውም ሐራጅ ገዢ ከጠፋ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ያልተሸፈነው ዕዳ ከተበዳሪው ጫንቃ አይወርድም። ሐራጅ ላይ የሚመጣው ሰው ደግሞ ርካሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ በስምምነት መሸጥ ለባንኩም ለባለቤቱም ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ውህደቱን ጨምሩበት። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ ለነባር ባንኮች የሰጠው ጊዜ እስከ 2018 ሰኔ ነው። ማሟላት ላቃተው ባንክ አንዱ መውጫ ከሌላው ጋር መዋሃድ ነው። ሁለት ባንክ አንድ ሲሆን ፒያሳ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ምን ያደርግለታል? አንዱ ይዘጋል። ቤቱን በዓይኑ ያየው የብድር ሠራተኛ ይዛወራል። አዲሱ ባንክ የራሱን መሐንዲስ ልኮ እንደገና ያስገምታል። ግምቱ ገዢው ካቀረበው ከፍ ካለ "ለምን በዚህ ዋጋ?" ይባላል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በአፉ "እንስማማለን" ማለቱ ማንንም አያስገድድም።

ይህን አሜሪካኖች አይተውታል። በፈረንጆቹ 2008 የቤት ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ቤቱን ከዕዳው በታች ለመሸጥ ባንኩን ይለምን ነበር። በዚያው ዓመት ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካንትሪዋይድን፣ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ዋሽንግተን ሙቹዋልን፣ ዌልስ ፋርጎ ዋኮቪያን ጠቀለሉ። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያኔ ገዢ አግኝቶ፣ ሰነዱን ሁሉ አስገብቶ ነበር። የእሱም ባንክ (ስሙ ይቅር) በሌላ ተጠቀለለ። አዲሶቹ "ፋይሉ አልደረሰንም" አሉት። የደመወዝ ወረቀቱን፣ የሂሳብ መግለጫውን እንደ አዲስ ጠየቁት። ሲልክላቸው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል ይሉታል። ገዢው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ቤት ገዛ፣ የእሱ ቤት በሐራጅ ሄደ። "የማናግረው ሁሉ ትሁት ነው፣ የሚወስን ግን የለም" ይለኝ ነበር በስልክ። በኋላ ነቅተው፣ የብድር አስተዳደር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የተጀመረው ማመልከቻ ከነሰነዱ እንዲተላለፍ የሚያዝ ደንብ ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለዋል።

ውህደት ሁልጊዜ ለተበዳሪ ክፉ ነው አልልም። አዲሱ ባንክ የተበላሹ ብድሮችን ከመዝገቡ ቶሎ ማጥራት ከፈለገ ከቀድሞው የበለጠ ሊለዝብም ይችላል። እኛም አገር በ2008 (የእኛው 2008 ማለቴ ነው) ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ፣ የድሮው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ፣ ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃሏል። ሁለቱም ግን የመንግሥት ነበሩ። የግል ባንኮች ሲዋሃዱ ባለአክሲዮኑ ይከራከራል፣ ቦርዱ ይደራደራል፤ ተበዳሪ እዚያ ወንበር የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አበዳሪ መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ የባለዕዳውን ፈቃድ በመርህ ደረጃ አይጠይቅም። ይሁን፣ መብቱ ይተላለፍ። የቀድሞው ባንክ የሰጠው የሽያጭ ፈቃድስ አብሮ አይሄድም?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ብሔራዊ ባንክ ውህደት ሲያጸድቅ ይህን ቢያስገባበት እላለሁ። በቀድሞው ባንክ በጽሑፍ የተፈቀደ ሽያጭ አዲሱንም ያስገድድ። በሂደት ላይ ላለ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ፣ እስከዚያ ሐራጁ ይቆይ። ጎንደር ላይም ፋይሉን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚያነሳና የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ይመደብ። ይህ ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

እስከዚያው ግን ሻጮች፣ ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ሳትይዙ ከገዢ ቀብድ አትቀበሉ። ደብዳቤው የሽያጩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀረው ዕዳ ምን እንደሚሆንም ይናገር። እኔም ኮሚሽኔን የምጠይቀው እግዱ ሲነሳ ነው።

አንድ የቤት ደላላ
ከጎንደር፣ ማራኪ