የሞተር ሽቦ በቤት ይሠራል፤ የሚያቃጥለው ቅጥያው ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የሞተሩን የሽቦ መስመር በራሱ እጅ ሊዘረጋ አስቧል ሲባል፣ እዚህ ጅማ በጋራዦችም ሆነ በመኪና ባለቤቶች ዘንድ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ እሳት ያስነሳብሃል፣ ፋብሪካ የሠራውን ፈልገህ አስገጥም» ይባላል። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ያገለገለ ሞተር ወደ እኛ የሚደርስበትን ሁኔታ ያላገናዘበ ስለመሰለኝ፣ የተለየ ሐሳቤን በዚህ አምድ እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም ከዚያ አምጥተው በከተማችን ከሚሸጡ ነጋዴዎች ባለ ኢንጄክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭለት) ሞተር የገዛ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሞተሩ ከነበረበት መኪና ሲነሳ ሽቦው እየተፈታ ሳይሆን እየተቆረጠ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሶኬቶቹ ከአጫጭር ጭራዎቻቸው ጋር ሞተሩ ላይ ተሰክተው ይቀራሉ፤ ኮምፒውተሩም ለብቻው በፌስታል ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው መስመር ግን የለም። ስለዚህ «ፋብሪካ የሠራውን አስገጥም» የሚለው ምክር በተግባር ሲተረጎም፣ የተቆረጡትን ጫፎች በተገኘው ሽቦ እየቀጠሉ በናስትሮ መጠቅለል ይሆናል። በእኔ እምነት እሳት የሚያስነሳው ይኸው ነው፤ ከባትሪው ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ታስቦበትና ተለክቶ እንደ አዲስ የተዘረጋ መስመር ግን፣ ሠሪው ጋራዥም ሆነ ባለቤቱ፣ ከቅጥያ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም።

የእኔ መኪና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ካርቡራተር (ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል ክፍል) ኮሮላ ስትሆን፣ አሁን ፎር ኤ ኤፍ ኢ የተባለውን ባለ 1.6 ሊትር የኢንጄክሽን ሞተር እየገጠምኩላት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ መልሶ ይወፍራል። ካርቡራተር ይህን ለውጥ ራሱ አያስተካክልም፤ የዚህ ሞተር ኮምፒውተር ግን የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ የነዳጁን መጠን ይወስናል። ይሁንና ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው በ0 እና በ5 ቮልት መካከል ባለ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በመንገዱ ላይ የሚጠፋ ወይም የሚጨመር 0.2 ቮልት፣ ለመብራት ቢሆን ኖሮ ማንም የማያስተውለው፣ እዚህ የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን ያዛባል። በዚህ ምክንያት የሴንሰሮች ኔጌቲቭ ከቦዲው ጋር ሳይሆን በራሱ ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ መመለስ አለበት። ከዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ክፍል) የሚመጣው የሞተሩን ዙር የሚናገር ምልክት ደግሞ በጣም ደካማ ስለሆነ፣ ከካንዴላ ገመዶች ርቆ፣ መከላከያ (የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያግድ የብረት ሽፋን) ባለው ገመድ መሄድ ይኖርበታል፤ መከላከያውም በአንድ ጫፍ ብቻ ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል። ብዙ ባለሙያዎቻችን «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ብለው ሌላ የሚያስገዙት፣ እንደ እኔ ግምት፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይመረምሩ ነው።

የሽቦ ውፍረትም በዓይን ግምት የሚወሰን ሆኖ ቆይቷል። አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ ወደ 0.0175 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው፤ ተቃውሞው በአምፒሩ ሲባዛ በመንገድ የሚጠፋውን ቮልት ይሰጣል። ከኋላ ካለው የነዳጅ ፓምፕ እስከ ሞተሩ ክፍል 4 ሜትር፣ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ 5 አምፒር ነው እንበል፤ መስመሩ በ0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጋ በፖዘቲቩ በኩል ብቻ 0.7 ቮልት ይጠፋል፣ በ2.5 ቢዘረጋ ግን 0.14 ቮልት ብቻ። ይህን ስሌት ለመሥራት ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም። የቤት መብራት ሽቦ መኪና ላይ መጠቀምም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ዘንግ የሆነው ዓይነት ንዝረት ሲበዛበት ይሰበራል፣ ልባሱም ለሞተር ሙቀት የተሠራ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የነዳጅ ፓምፑ ጉዳይ ነው። በፋብሪካው አሠራር ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ሲሆን፣ ሪሌዩን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሞተሩ መዞር ሲያቆም ኮምፒውተሩ ፓምፑን ያጠፋዋል። የዚህም ዓላማ መኪናው ተጋጭቶ የነዳጅ መስመሩ ቢበጠስ፣ ቁልፉ እንደተከፈተ ቢቀር እንኳ፣ ፓምፑ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዳይረጭ ነው። ይሁን እንጂ የተቆረጠውን ሽቦ ማግኘት ያቃተው ሠራተኛ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ሲያያይዘው አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ፊውዝ ሳይኖረው። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ባለቤቱም አመስግኖ ከፍሎ ይወስዳታል፤ አደጋ እስኪደርስ ድረስ ጉድለቱን የሚያሳይ አንዳች ምልክት አይኖርም። በቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ ይህን መስመር በፋብሪካው የሽቦ ሥዕል መሠረት የመመለስ ጊዜና ፍላጎት አለው። ፊውዙም ለባትሪው በቀረበ ቦታ ይቀመጥ፤ ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ መጠኑ የሚመረጠው ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በታች ሆኖ ነው። በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ያለ ፊውዝ መተካት ወይም በሽቦ ቁራጭ ማገናኘት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው።

የመገጣጠሚያዎች ነገርም በእኛ አካባቢ ቸል ሊባል አይችልም። ጅማ የዝናብ አገር ናት፤ ከዚያ ላይ ሞተርን በግፊት ውኃ የማጠብ ልማድ ተጨምሮበታል። በስታኞ የተበየደ ሽቦ ብየዳው በሚያበቃበት ቦታ ስለሚደርቅ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቡና ገጠሮች በሚመላለስ መኪና ላይ እዚያው ጋ ይበጠሳል፤ በትክክለኛ መጨመቂያ የታሰረ ተርሚናል የተሻለ ይቋቋማል። ሽቦው የብረት ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ ይግባ፤ ወደ ሶኬት ከመግባቱ በፊትም ጥቂት ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባልና።

አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ገዝቶ ሁሉን በእርሱ መዘርጋትን በተመለከተ፣ መናደዴን ልደብቅ አልችልም። ከእርሱ በኋላ ያንን መኪና የሚከፍት ሰው ኃይል የሚያመጣውን ከምልክቱ፣ ምልክቱን ከኔጌቲቩ የሚለይበት መንገድ የለውም። ቀለም ባይገኝ እንኳ በየጫፉ ቁጥር መጻፍና በአንድ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ማስፈር ይቻላል። የእኔ ሥዕል በፕላስቲክ ተሸፍኖ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገኖች ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጋራዦች፣ መስመር በነኩ ቁጥር የነኩትን ክፍል ሥዕል ከደረሰኙ ጋር ለባለቤቱ ይስጡ፤ ባለቤቱም ሳይቀበል አይክፈል። ሞተር አስመጪዎችና ሻጮች ደግሞ መስመሩን ከእነ ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ፈትተው ያምጡልን፤ መቁረጥ ግድ ከሆነባቸውም ከየሶኬቱ ቢያንስ አንድ ክንድ ሽቦ ያስቀሩ፤ ቀለሙን ከፋብሪካው ሥዕል ጋር ለማመሳከርና ተርሚናሉን በደንብ ለመጭመቅ የሚበቃን ያ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጅማ