የአዶላ ታሪክ ይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ከውጭ ንግድ ገቢያችን ቀዳሚ ሆኗል። ዜናው ደስ ይላል። ወሬው ሁሉ በቶንና በዶላር ብቻ ሲሆን ግን ቅር ይለኛል። ወርቁን ያወጣው ሰው የታለ? የወርቅ ከተሞቻችንስ ታሪክ? ይህን ስል በተለይ የማስበው አዶላን ነው፤ ብዙዎቻችን ክብረ መንግሥት እያልን የምንጠራትን ከተማ።

አዶላ ያለችው በጉጂ ዞን ነው። ወርቁ ከመሰማቱ በፊት አገሩ ባዶ አልነበረም። ጉጂዎች ከብት የሚያረቡበት፣ በገዳ ሥርዓታቸው የሚተዳደሩበት ምድር ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ «ወርቅ ተገኘ» ከሚለው ሲጀመር ይከነክነኛል። ወንዞቹ ባለቤት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአካባቢው ወንዞች ደለል ውስጥ ወርቅ መኖሩ ታወቀ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ሥራውን ያዘው። ከሰሜንም ከደቡብም ሰው ጎረፈ። «የአዶላ ወርቅ» የሚለው ሙገሳ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ሥራው ግን እንደ ሙገሳው አልነበረም። ወርቁ ያለው ከአፈሩ ሥር በተኛው ጠጠር ውስጥ ነው። እዚያ እስኪደረስ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል፣ ግድግዳው ይላላል። ጠጠሩ ወጥቶ ወደ ውኃ ይወሰዳል፤ በሰፊ የእንጨት ሳህን እየተወዘወዘ ይታጠባል። ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። ከዚያ ከጥቁሩ አሸዋ መሃል የምትታየው ፍንጣሪ የቀኑ እንጀራ ናት። የማትታይበት ቀን ብዙ ነው። ጉድጓድ ተደርምሶበት የቀረም አለ። ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች ዛሬም የሚሠሩት ከዚህ ብዙም ባልራቀ መንገድ ነው።

ከደለሉ በኋላ ተራው የአለቱ ሆነ። ከአዶላ አልፎ በሻኪሶ ከተማ አጠገብ ለገደንቢ የሚባል የወርቅ ማዕድን አለ። እዚያ ወርቁ አለት ውስጥ ነው። አለቱ በፈንጂ ይፈርሳል፣ ይፈጫል፣ ወርቁም ሳይናይድ በሚባል መርዛማ ኬሚካል ይለያል። መንግሥት የጀመረውን ይህን ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያ ሸጠው። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ጤናችንን ጎዳ፣ ሕፃናት ጉዳት ይዘው ተወለዱ፣ ከብቶቻችን ጨነገፉ እያሉ ለዓመታት አቤት አሉ። በ2010 ዓ.ም. የኩባንያው ፈቃድ ለ10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ፈቃዱም ታገደ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ጀመረ። ይህም የታሪኩ አካል ነው። የእነዚያ እናቶች ቃል ከምርት ሪፖርቱ እኩል መቀመጥ አለበት ባይ ነኝ።

ሌላው አገር የወርቅ ከተማውን ታሪክ እንዴት እንደያዘ እንይ። አውስትራሊያ ውስጥ ባላራት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1851 ወርቅ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የዚያን ዘመን ሱቅ፣ ድንኳንና ጉድጓድ መልሶ የሚያሳይ ሙዚየም ተከፈተ። ልጆች ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው ወርቅ ያጥባሉ፣ ጎብኚ ይመጣል፣ ከተማዋ ገቢ ታገኛለች። አዶላ ይህን ለማድረግ ምን ይጎድላታል? ወንዞቹ አሉ። ሙያውን የሚያውቁትም አሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የማዕድን ሚኒስቴር የድሮ የሠራተኛ መዝገቦችን፣ ካርታዎችንና ፎቶግራፎችን ቅጂ ለከተማዋ ይስጥ። ከተማዋም አንድ ቤት ለዚሁ ትመድብ፤ መግለጫው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ይላኩ።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ስለ ወርቅ ዋጋ በምትጽፉበት ገጽ ላይ ለአዛውንት ወርቅ አጣቢዎችም ቦታ ስጡ። ጋዜጠኛ ልካችሁ ስማቸውን፣ ከየት እንደመጡ፣ ለስንት ብር እንደሠሩ ጠይቁ። የጉጂ አባ ገዳዎችንም ወንዞቹ ከቁፋሮው በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር ጠይቋቸው። በ1950ዎቹ ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን እየተሻገረ ነውና ነገሩ ለከርሞ ባይባል ደግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ